ስም ያለው ችግኝ፦ በአዲስ ቅዳም መንገድ ስላለው ችግኝ ጣቢያ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ፣ አዲስ ቅዳም ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ፣ በስተግራ በቀርከሃ የታጠረ ሰፊ ግቢ ታያላችሁ። ሰሌዳ የለውም። ምልክቱ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት የኮሶ ዛፎች ናቸው። ለባጃጅ ሹፌር «ችግኝ ቤት» ካላችሁት ያደርሳችኋል። እኔ ከዚህ ግቢ ሦስት ክረምት ተከታታይ ችግኝ ገዝቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን አይቼ አይደለም የምጽፈው።

ችግኙ ጤነኛ ነው። ዋጋው አይጎዳም። መስተንግዶው ቀስ ያለ ነው። እኔን ደጋግሞ የመለሰኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ መደብ ጫፍ ላይ ከቢጫ ጀሪካን ተቆርጦ የተተከለ መለያ አለ። ላዩ ላይ የተክሉ የአማርኛ ስም፣ ከሥሩ ሁለት ቃል ያለው ሳይንሳዊ ስሙ፣ ከዚያ በታች በትንንሽ ፊደል ቤተሰቡ ተጽፏል። በእኛ አካባቢ ብዙ ችግኝ ጣቢያ ዞሬያለሁ። እንዲህ ያለ አላየሁም።

ይሄ ለምን ያን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነብኝ እንዲገባችሁ ወደ 2010 ዓ.ም. ልመልሳችሁ።

አባቴ ያረፈው በዚያ ዓመት ነው። ዳንግላ ያለው ግቢያችን ዳር ዳሩን ጥድ እንዲተከልበት ይመኝ ነበር። «የጥድ ምሰሶ ምስጥ አይነካውም» ይል ነበር። እሱ የሠራው ቤት ምሰሶው ሁሉ ጥድ ነው፤ እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክረምት ሲገባ ከአንድ ችግኝ ሻጭ 40 ችግኝ ገዛሁ። «ጥድ ነው?» አልኩት። «አዎ፣ ጥድ ነው» አለኝ። ተከልነው። እናቴ ከብት እንዳይበላው እሾህ አጠረችለት። በሦስት ዓመቱ ጣሪያ ደረሰ። ደስ አለን።

አናጢው አጎቴ ለፋሲካ መጣና አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጎ አየው። ጠንካራ፣ ክብ፣ እንደ እንጨት ቁልፍ ያለ ፍሬ ቀጠፈ። መዳፉ ላይ አንከባለለው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ጥድ ነው» አለኝ።

ሻጩ አልዋሸኝም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። የሀበሻውም ጥድ ይባላል፣ የፈረንጁም ጥድ ይባላል። እኔ አንዱን አስቤ ጠየቅሁ፣ እሱ ሌላውን አስቦ መለሰ። ሦስት ዓመት፣ 40 ጉድጓድ፣ የእናቴ ድካም በአንድ ቃል ሄደ።

በሙያዬ ፋርማሲስት ነኝ። ባህር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ይመጣና «ያችን ቢጫዋን ክኒን ስጪኝ» ይለኛል። ቢጫ ክኒን ስንት ዓይነት አለ! አንዱን መድኃኒት አሥር ፋብሪካ በአሥር ስም ያወጣዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ካወጣለት ስም ሥር የመድኃኒቱ የራሱ ስም የሚጻፈው። እኛ የምናነበው እሱን ነው። እዚያ ላይ ከተሳሳትን ሰው ይጎዳል። ሥራዬ ላይ ይህን ያህል የምጠነቀቅ ሰው ዛፍ ስገዛ ግን ሙሉ ስሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደዚህ ግቢ የመራችኝ የእንጅባራ ጓደኛዬ ናት። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓመት ግብርና ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። የጥዱን ነገር ስነግራቸው ምንም አላሉም። ወደ ውስጥ ገቡና በጥቁር ፕላስቲክ ያሉ ሁለት ችግኞች ይዘው ተመለሱ።

«እጅሽን ስጪኝ ልጄ» አሉኝ። የአንዱን ጫፍ መዳፌ ላይ ጫን አደረጉት። ወጋኝ። የሁለተኛውን ጫን አደረጉት። ለስላሳ ነው። «የወጋሽ የሀበሻው ነው። በልጅነቱ ቅጠሉ መርፌ ነው፤ ሲያድግ ነው የሚተኛለት። ፍሬ ከያዘማ ጭራሽ አትስቺውም። የሀበሻው ፍሬ ትንሽ ነው፣ ሥጋ አለው፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ያደላል። የፈረንጁ ግን እንጨት ነው። ደርቆ ይሰነጠቃል።» የአጎቴን መዳፍ አስታወስኩ።

ከዚያ መለያዎቹን አሳዩኝ። አንዱ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይላል። ሌላው ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን ይናገራል፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይለያል። እኛ ሰው ስንጠራ የራሱ ስም ይቀድማል፣ የአባቱ ይከተላል። እዚህ ግን የሚቀድመው የአባት ስም ነው ብላችሁ አስቡት። ሁለቱ ጥዶች የመጀመሪያ ቃላቸው ይለያያል፤ አባታቸው አንድ አይደለም። በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ቤተሰብ ግን ሁለቱም ላይ ኩፕረሳሴ ነው። «የአጎት ልጆች ናቸው» አሉኝ ጋሼ። «መልካቸው የተቀራረበው ለዚያ ነው። ሰው ቢያምታታቸው አይፈረድበትም።»

እኔ ትምህርት ቤት ይህንን ለፈተና ሸምድጄ ያለፍኩት ነው። ወገን፣ ዝርያ፣ ቤተሰብ እያልን በቃላችን እንወጣው ነበር። ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን መዳፌን ከወጋኝ በኋላ ነው።

ሥርዓቱን መልክ ያስያዘው ስዊድናዊው ሐኪም ካሮሉስ ሊኔየስ ነው። ከእሱ በፊት የአንድ ተክል የምሁራን ስም ረጅም የላቲን ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ቅጠሉ እንዲህ፣ አበባው እንዲያ እያለ የሚሄድ። እሱ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ሰጠ። ዛሬም የዕፅዋት ስም የሚቆጠረው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። ሁለት ሰው አንዱን ተክል በተለያየ ስም ከጠሩት፣ በዕፅዋት ስም አወጣጥ ሕግ መሠረት ቀድሞ የታተመው ይጸናል። ስሙ በአየር ላይ አይቀርም፤ ደርቆ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ከሚቀመጥ ናሙና ጋር ይታሰራል። እንዲህ ያሉ የደረቁ ናሙናዎች የሚጠበቁበት ቤት በአገራችንም አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ጋሼ መለያ ሲጽፉ ይህ ሁሉ ከኋላቸው አለ። የዋንዛው መለያ ላይ «ኮርዲያ አፍሪካና» ብለው፣ ከጎኑ «ድሮ ኮርዲያ አቢሲኒካ» ጨምረዋል። የድሮ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው ግራ እንዳይገባው ነው። አፍሪካና የሚለው ቀድሞ ስለታተመ ነው የጸናው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጋሼ ጋር ተከራክረናል። ሉሲታኒካ ማለት «የፖርቱጋል» ማለት ነው። ዛፉ ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ነው። ሚለር የሚባል እንግሊዛዊ አትክልተኛ በ1768 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለት ያወቀው ፖርቱጋል ውስጥ ከበቀለው ስለሆነ እንዲያ አለው። ይሄስ ይሁን። ቀጥሎ ያለው መደብ ግን ቡና ነው። ኮፊያ አራቢካ ይላል፤ የዓረብ ቡና! ሊኔየስ ራሱ ነው ያወጣለት። የቡናው አገር ደግሞ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ዘጌ ላይ ተቀምጬ ቡና የጠጣሁ ሰው ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ለምን አያስተካክሉትም?» አልኳቸው። «ሁሉም በየአገሩ ላስተካክል ካለ ተመልሰን ጥድና ጥድ ላይ ነን። ስሙ አገሩን አይመሰክርም፤ የትኛው ተክል እንደሆነ ነው የሚነግርሽ» አሉኝ። ሐሳባቸው ይገባኛል። የቡናው ግን አሁንም ይከነክነኛል።

አዊ ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚወራ ከሆነ ደግሞ ዲከረንስን ማለፍ አይቻልም። ፋግታ ለኮማ ሄዳችሁ ገበሬውን «ይሄ ዛፍ ምንድን ነው?» በሉት። «ዲከረንስ ነው» ይላችኋል። ከሰል አክስሎ የሚሸጠው፣ ልጁን ያስተማረበት ዛፍ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ እናቶች ገበያ ላይ ዲከረንስ ሲሉ ሰምቻለሁ። አካሺያ ዲከረንስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ሁለተኛው ቃሉ ተገንጥሎ የአገር ቃል ሆነ። ሌላ ስም አላስፈለገውም። ጋሼ ቃሉ «ወደ ታች የሚወርድ» ማለት እንደሆነ ነገሩኝና ቀንበጡን አስያዙኝ። ከቅጠሉ ሥር የሚነሳ ቀጭን መስመር እንጨቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። በጣት ይታወቃል። ስሙ እዚያው ቀንበጡ ላይ ተጽፎ ኖሯል።

ከእሱ ጎን ያለው የግራር መደብ ነው። መለያው ላይ አካሺያ የሚለው በመስመር ተሰርዞ ቫቼሊያ አቢሲኒካ ተብሏል። ምክንያቱን ሳልጠይቅ አልቀረሁም። አካሺያ ይባሉ የነበሩት ዛፎች ዝምድናቸው ሲጠና አንድ ወገን ሆነው አልተገኙም። መከፋፈል ነበረባቸው። ስሙ ለማን ይቅር? አካሺያ የሚለው ቃል እሾህ ከሚል የግሪክ ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ መጀመሪያ የተሰጠውም ለአፍሪካው እሾሃማ ዛፍ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች በዚያ ስም ይጠራሉ። እነዚያን ሁሉ ከመቀየር ይሻላል ተብሎ በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ሊቃውንት ስሙን ለአውስትራሊያዎቹ ሰጡ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ይኸው ጸና። ዲከረንስ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ እሾህም የለው፤ አካሺያነቱን ይዞ ቀረ። የእኛ ግራር ከነእሾሁ ቫቼሊያ ሆነ። ጋሼ ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔም አብሬ ተናደድኩ። መለያውን ግን በአዲሱ ስም ነው የጻፉት፤ ቅሬታቸውን ለራሳቸው ይዘው ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ይህን አከብራለሁ።

ኮሶ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እንጅባራን ራሷን የድሮ ሰው ኮሶ በር ይላታል። ሀጌኒያ አቢሲኒካ ነው ስሙ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ ነበር። ኮሶን በወዳጁ በባንክስ ስም ሊጠራው ሞከረ። ያ ስም ግን ቀድሞ ለሌላ ተክል ተይዞ ነበርና አልሆነም። የጸናው ስም የተወሰደው ሀገን ከሚባል ጀርመናዊ የመድኃኒትና የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። የሙያ ባልደረባዬ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ስትገዙ አንድ ብቻ አትግዙ። ኮሶ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው፤ ችግኝ ላይ አይለይም። ጋሼ ይህን ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። አንድ ችግኝ ሊሸጥላችሁ ሲችል «ሦስት ውሰጂ፣ አለዚያ ተይው» የሚል ሻጭ ስታገኙ እመኑት።

ብሩስም ስሙ የቀረለት ተክል አለ፤ ዋጊኖስ። ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ይባላል። ሁለተኛው ቃል «ለተቅማጥ ደም» ማለት ነው፤ ብሩስ በዚያ በሽታ ተይዞ የዳነበት እሱ ነበር። ይህንኑ ተክል አባሎ የሚሉት አሉ። አባሎ ግን ሌላ ዛፍም ይባላል። እንደ ፋርማሲስት እዚህ ላይ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ሰው ለመድኃኒት «አባሎ አምጡልኝ» ብሎ ልጅ ሲልክ የትኛው ይመጣለታል? እባካችሁ በቃል ስም ብቻ ቅጠል ቀጥቅጣችሁ አትጠጡ።

ባለፈው ዓመት እናቴን ይዣት ሄድኩ። የቀርከሃው መለያ ፊት ቆማ ቀረች። አሩንዲናሪያ የሚለው ተሰርዟል። ዩሻኒያ የሚለውም ተሰርዟል። ኦልዲያኒያ የሚለው ከላይ ጠበብ ብሎ ገብቷል። አልፒና የሚለው ሁለተኛው ቃል ግን አልተነካም፤ ከፍ ያለ ተራራ ላይ የሚበቅል ማለት ነው። ዝምድናው በተጣራ ቁጥር ቤት ቀየረ፣ የራሱን ስም ግን ይዞ ዞረ። ከሥር ያለው ቤተሰብ የሣር ቤተሰብ ነው። እናቴ ስነግራት አላመነችም። «ቀርከሃ ሣር ነው?» አለች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር አንድ ሣር ነቀሉና ከቀርከሃው አጠገብ ያዙት። አንጓውን አሳዩዋት። ቅጠሉ ከአንጓው ተነስቶ ግንዱን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ሲወጣ አሳዩዋት። ቀጥለው ቀርከሃው ላይ ያንኑ አሳዩዋት። ጤፉም ገብሱም እዚሁ ቤት ነው አሏት። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያ ቤታችን በሣር ተከድኖ በሣር ታጠረ፣ እኛም ሣር በላን» አለች። ይህን እስካሁን ለጎረቤት ሁሉ ትናገራለች። የጤፍ ሳይንሳዊ ስም ኤራግሮስቲስ ጤፍ እንደሆነ ስነግራትም «ታዲያ ጤፍ ሌላ ምን ሊባል ነው?» አለችኝ። ልክ ናት። ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ፣ ቁንጮ ብለን የምንለያቸው ሁሉ ዝርያቸው አንድ ነው። ገበሬው ጥቅም ባየበት ከሳይንቲስቱ አብልጦ ይለያል። ጥድ ላይ ደግሞ አንድ ላይ ይጨፈልቃል። መለያው የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቦታ ነው።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ አለ። መለያዎቹ የሚጻፉት በማርከር ነው። ፀሐይና ዝናብ ይበላዋል። በመስከረም ስሄድ ግማሾቹ አይነበቡም ነበር። በምስማር ተጭሮ ቢጻፍ ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። የጌሾው መለያ ላይ የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ ስልኬ ላይ እንዳለ ገልብጬ ብፈልግ ምንም አላመጣልኝም። በእንዲህ ያለ ስም አንድ ፊደል ብዙ ነው። ሐምሌ ላይ ወረፋው ረጅም ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ስልክ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ደረሰኝ የለም። መጀመሪያ ከገዛኋቸው 12 የሀበሻ ጥዶች ሦስቱ ደረቁብኝ፤ አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዞ ነበር። ስነግራቸው ሦስት ተክተው ሰጡኝ። አልተከራከሩም።

ዋጋ፦ ዘንድሮ የሀበሻ ጥድ 25 ብር፣ ኮሶ 40 ብር፣ ጌሾ 15 ብር ነው የገዛሁት። ቀርከሃ ወደድ ይላል፣ 80 ብር። ትራንስፖርቱን ራሳችሁ ቻሉ። ጧት ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናብ ነው። ከሰኔ አጋማሽ በፊት ብታስይዙ የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ። የሀበሻ ጥድ የሚፈልግ ሰው ትዕግሥት ይዞ ይሂድ። የእኔዎቹ በሦስተኛ ዓመታቸው ገና ጉልበቴ ላይ ናቸው። የፈረንጁን ጥድ አብዛኛውን ቆርጠን ለማገር ሸጥነው።

ዘንድሮ ስሄድ ጥግ ላይ መለያ የሌለው መደብ አየሁ። ሃያ የሚሆኑ፣ ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ ቡቃያዎች አሉበት። ጋሼ ዘሩን ያመጡት ዘንገና ሐይቅ ዳር ካለው ደን ነው። ከእናት ዛፉ አበባና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በጋዜጣ መሐል ዘርግተው፣ ድንጋይ ጭነውበታል። ሲደርቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልገው ለሚያውቁት ያሳዩታል። በጣም ስላማረኝ ሁለት እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው። «ምን ብዬ ልሽጥልሽ?» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ። በመስከረም ተመልሼ እጠይቃለሁ።